ነርቭ ሽቦ አይደለም

(የሕክምና ትምህርት ላልተማሩ አድማጮች ከተደረገ የምሽት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከአንድ ሕመም ልጀምር። ሌሊት ነው። ውኃ ልትጠጡ ትነሳላችሁ። መብራት አላበራችሁም። በባዶ እግራችሁ ስትራመዱ ትንሿ የእግር ጣታችሁ ከአልጋው እግር ጋር ትላተማለች። ይህ ያልደረሰበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን ያቺን ቅጽበት ቀስ አድርገን እንያት። መጀመሪያ ስለታም ሕመም ይመጣል። ቦታው ቁልጭ ብሎ ይታወቃል። እግራችሁን ሰብሰብ ታደርጋላችሁ። ከዚያ አጭር ፋታ አለ። በዚያች ፋታ ውስጥ "ወይኔ፣ አሁን ሊመጣ ነው" ትላላችሁ። የምር የሚያመው ገና መሆኑን ታውቁታላችሁ። አንድ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሁለተኛው ይደርሳል። እሱ የሚያቃጥል፣ የሚጠዘጥዝ፣ ከየት እንደመጣ በውል የማይለይ ሕመም ነው። ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ቁጭ የምትሉት ያኔ ነው።

ጣታችሁ የተመታችው አንድ ጊዜ ነው። ሕመሙ ለምን ሁለት ጊዜ መጣ? የመጀመሪያው ሲደርስ ሁለተኛው የት ነበር?

መንገድ ላይ ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ መንገድ ነው።

ብዙ ሰው ነርቭ ሲባል የኤሌክትሪክ ሽቦ ይታየዋል። ተማሪ ሳለሁ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አንጎል ማዘዣ ጣቢያ ነው፣ ነርቭ ደግሞ ከጣቢያው የተዘረጋ ሽቦ። ምስሉ ቀላል ስለሆነ በቶሎ ይያዛል። ግን ስህተት ነው። ስህተት መሆኑ ከታወቀም 170 ዓመት አልፎታል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1850 ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የእንቁራሪት ጡንቻ ከነነርቩ አወጣ። ነርቩን አንዴ ከጡንቻው አጠገብ፣ አንዴ ራቅ ካለ ቦታ በኤሌክትሪክ ነካው። ጡንቻው እስኪኮማተር የሚያልፈውን ጊዜ ለካ። ከሩቅ ሲነካው ጡንቻው ትንሽ ዘገየ። ከዚያች መዘግየት ፍጥነቱን ሲያሰላው በሰከንድ 27 ሜትር ገደማ ሆነ። መምህሩ ዮሃንስ ሙለር ይህ ፍጥነት መቼም ቢሆን የሚለካ አይመስለውም ነበር። ተማሪው ለካው።

በሰከንድ 27 ሜትር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና የሚሄደው ነው። በመዳብ ሽቦ የሚላክ ምልክት ግን በአንድ ሰከንድ ከመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ በነርቭ ውስጥ የሚያልፈው ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ በሽቦ ውስጥ እንደሚያልፈው አይደለም።

ታዲያ ምንድን ነው?

መልሱ የሚጀምረው ከጨው ነው። ጨው ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ሶዲየሙና ክሎራይዱ ይለያያሉ። ሶዲየሙ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል፣ ክሎራይዱ ኔጋቲቭ። እንዲህ ቻርጅ የያዙት አዮን ይባላሉ። ሰውነታችን በሙሉ በእንዲህ ዓይነት ጨዋማ ውኃ የተሞላ ነው። የነርቭ ሴልም ውስጡ ጨዋማ ውኃ ነው፣ ውጭውም ጨዋማ ውኃ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የሴሉ ሽፋን ነው። ሽፋኑ የተሠራው ከስብ ሲሆን ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊሜትርን ለሁለት መቶ ሺህ ብትከፍሉት አንዷ ቁራጭ ናት። ቻርጅ ያለው ነገር ስብን ሰንጥቆ ማለፍ አይሆንለትም። በር ይፈልጋል። በሮቹ ሽፋኑ ላይ የተሰኩ ፕሮቲኖች ናቸው። ቻናል እንላቸዋለን።

ከበሮቹ ሌላ ፓምፕ አለ። ይህም ፕሮቲን ነው። በአንድ ዙር 3 ሶዲየም ወደ ውጭ ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም (እሱም እንደ ሶዲየም ፖዘቲቭ አዮን ነው) ወደ ውስጥ ያስገባል። ለዚህም ኤቲፒ የሚባለውን የሴል ነዳጅ ያቃጥላል። ፓምፑን ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በ1957 ከሸርጣን ነርቭ ላይ አገኘው። የኖቤል ሽልማቱ የደረሰው ከ40 ዓመት በኋላ በ1997 ነው። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ጉልበታችንን 20 በመቶ ያህል የሚበላው ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቁ ይሆናል። አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ፓምፕ ነው። ተኝታችሁም አያርፍም።

ፓምፑ ሲሠራ ከርሞ ሁኔታው እንዲህ ይሆናል። ፖታሲየም ውስጥ ይበዛል፣ ከውጭው 30 እጥፍ ገደማ። ሶዲየም ደግሞ ውጭ ይበዛል፣ ከውስጡ 10 እጥፍ ገደማ። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሴሉ ሥራ ሲፈታ የሶዲየም በሮች ዝግ ናቸው ማለት ይቻላል። ከፖታሲየም በሮች ግን አንዳንዶቹ ሁሌም ክፍት ናቸው። ፖታሲየም ከበዛበት ወዳነሰበት ሾልኮ ይወጣል። ሲወጣ ፖዘቲቭ ቻርጁን ይዞ ነው። ውስጡ ኔጋቲቭ እየሆነ ይሄዳል። ኔጋቲቩ ደግሞ የሚወጣውን ፖታሲየም መልሶ መጎተት ይጀምራል። ገፊውና ጎታቹ ሲመጣጠኑ ውስጡ ከውጭው በ70 ሚሊቮልት ያህል ዝቅ ብሎ ይረጋል። ይህ −70 ተብሎ ይጻፋል።

70 ሚሊቮልት ስል ትንሽ እንደሚመስላችሁ አውቃለሁ። የሰዓት ባትሪ እንኳ 1.5 ቮልት አለው፣ ሃያ እጥፍ ይበልጣል። ግን ይህ 70 ሚሊቮልት ያረፈው 5 ናኖሜትር ላይ ነው። ሒሳቡን በሜትር ስትመቱት 14 ሚሊዮን ቮልት ይመጣል። አየር ተሰንጥቆ ብልጭታ የሚፈጥረው በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ሲደርስበት ነው። በየሴላችሁ ሽፋን ላይ፣ አሁን እዚህ ተቀምጣችሁ፣ ከዚያ በአራት እጥፍ የሚበልጥ ውጥረት አለ። ያ ስስ ስብ ይህን ችሎ አለመቀደዱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። "ታዲያ በዚህ ኤሌክትሪክ አምፖል ማብራት ይቻላል?" አለ። ጥያቄው ጥሩ ስለነበር መልሱን እዚሁ አስገባዋለሁ። የአንድ ሴል አይበቃም። ሴሎቹን እንደ ባትሪ ድንጋይ በተርታ ብትደረድሯቸው ግን ቮልቱ ይደመራል። ኤሌክትሪክ ኢል የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከጡንቻ ሴልነት የተለወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች በሰውነቱ ውስጥ ተደርድረዋል። አንድ ላይ ሲተኩሱ ከ600 ቮልት በላይ ያወጣሉ። አዮኖቹም በሮቹም ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ናቸው።

ወደ ነርቩ እንመለስ። ሴሉ ተወጥሮ ተቀምጧል። አሁን የሆነ ነገር ይንካው።

የነርቭ ሴል ረጅም ክር አለው፣ አክሰን ይባላል። ከወገባችሁ እስከ እግር ጣታችሁ አንድ ሜትር ያህል የሚዘረጋ አክሰን አለ፣ የአንድ ሴል ብቻ። አክሰኑ ላይ ያሉት የሶዲየም በሮች ቮልቴጅ ይሰማቸዋል። −70 ላይ ዝግ ናቸው። ውስጡ ወደ −55 ገደማ ከፍ ካለ ግን መከፈት ይጀምራሉ። ሶዲየም ውጭ በዝቶ በር በሩን ሲያይ የቆየ ነው፣ ይጎርፋል። ሲገባ ውስጡን ይበልጥ ፖዘቲቭ ያደርገዋል። ያ ደግሞ ሌሎች በሮችን ይከፍታል። እነሱም ሌላ ሶዲየም ያስገባሉ። ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጡ ከዜሮ አልፎ ወደ +30 ወይም +40 ይወጣል።

ከዚያ ሁለት ነገር ይሆናል። የሶዲየም በሮች ራሳቸውን ይወትፋሉ። የፖታሲየም በሮች ደግሞ ዘግየት ብለው ይከፈታሉ፣ ፖታሲየም ይወጣል፣ ውስጡ ወደ ኔጋቲቭ ይመለሳል። ከመነሻ እስከ መመለሻ አንድ ወይም ሁለት ሺህኛ ሰከንድ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው በአክሰኑ አንድ ቦታ ላይ ነው። ወሬው ወደፊት እንዴት ሄደ? የገለባ እሳት አስቡ። በአንድ ጫፍ የተለኮሰ ገለባ እስከ ሌላው ጫፍ ይነዳል። ግን ሌላኛው ጫፍ የደረሰው ነበልባል የመጀመሪያው ነበልባል አይደለም። እያንዳንዱ ገለባ የነደደው በራሱ ነው። ጎረቤቱ ያቀበለው ሙቀት ብቻ ነው። አክሰንም እንደዚያ ነው። አንዱ ቦታ ላይ የገባው ሶዲየም አጠገቡ ያለውን ቦታ −55 ያደርሰዋል፣ እሱም በራሱ በሮች በራሱ ሶዲየም ይነሳል። ስለዚህ ከእግር ጣታችሁ ተነስቶ ሽቅብ የተጓዘ ሶዲየም የለም። የተጓዘው ወሬው ነው፣ በየደረሰበት እንደ አዲስ እየተወለደ። በዚህም ምክንያት አይደክምም። ሜትር ተጉዞ ሲደርስ ሲነሳ የነበረው ያህል ነው።

ወደኋላስ ለምን አይመለስም? አሁን የነደደ ገለባ ድጋሚ አይነድም። የተወተፉት በሮች ለሺህኛ ሰከንዶች ያህል አይከፈቱም፣ ስለዚህ ወሬው ያለው መንገድ ወደፊት ብቻ ነው። ነርቭ ከገለባ የሚለየው ወዲያው ራሱን አድሶ ለሌላ መለኮስ መዘጋጀቱ ላይ ነው። የሚፈልገውም በጣም ጥቂት ነው። በአንድ ካሬ ማይክሮሜትር (ጎኑ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ የሆነ) ሽፋን ላይ ቮልቴጁን በ100 ሚሊቮልት ለመለወጥ 6,000 ገደማ አዮኖች ይበቃሉ። በዙሪያው ካለው የአዮን ብዛት ጋር ሲነጻጸር ከባሕር በጭልፋ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ምልክት ትልቅና ትንሽ የለውም። −55 ከደረሰ ሙሉ በሙሉ ይነሳል፣ ካልደረሰ የለም። ታዲያ ቀስ ብሎ መነካትንና በኃይል መመታትን በምን እንለያለን? በአብዛኛው በድግግሞሽ። ቀላሉ ንክኪ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ይተኩሳል፣ ከባዱ ብዙ ጊዜ። የተሰማሩት ነርቮች ብዛትም ይጨምራል።

ሶዲየምና ፖታሲየም ይህን ምልክት እንዴት እንደሚፈጥሩ የደረሱበት ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው፣ አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሀክስሊ። የረዳቸው ስኩዊድ የሚባል የባሕር እንስሳ ነው። የስኩዊድ ዋናው አክሰን እስከ አንድ ሚሊሜትር ይወፍራል፣ በዓይን ይታያል። በ1939 እንግሊዝ ውስጥ ፕሊመዝ ባለው የባሕር ምርምር ጣቢያ ኤሌክትሮድ የሚባል ቀጭን የኤሌክትሪክ መለኪያ በአክሰኑ ውስጥ ሰደው የውስጡን ቮልቴጅ ለኩ። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ወርዶ እንደሚቆም ነበር። እነሱ ግን ዜሮን አልፎ ፖዘቲቭ ሲሆን አዩት። ወዲያው ጦርነት ፈነዳ። ሥራው ዓመታት ቆሞ ጠበቃቸው።

በ1952 ውጤቱን ከነሒሳቡ አወጡት። ከሒሳቡ ጀርባ ያለችውን ታሪክ እወዳታለሁ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር በዚያን ጊዜ ለለውጥ ተዘግቶ ነበር። ሀክስሊ በእጅ የሚዞር የሒሳብ ማሽን ይዞ ቁጭ አለ። እጀታውን እያዞረ ለሳምንታት ቁጥር በቁጥር ሠራው። ሒሳቡ ምልክቱ በሰከንድ 18.8 ሜትር መሄድ አለበት አለ። ስኩዊዱ ላይ ሲለካ 21.2 ሜትር ነበር። ልብ በሉ፣ በሮቹን ያኔ ያየ ሰው አልነበረም። ቻናል የፕሮቲን በር መሆኑ እንኳ አልታወቀም። የአንድን በር መከፈትና መዘጋት ለይተው የለኩት ኤርቪን ኔየርና በርት ዛክማን ናቸው፣ በ1976።

እነዚህን በሮች እናንተም በአካል ታውቋቸዋላችሁ። ጥርስ ልታስነቅሉ ስትሄዱ የሚወጉት ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይን፣ የሚሠራው የሶዲየምን በር በመድፈን ነው። አንድ ጊዜ ከተወጋሁ በኋላ ወንበሩ ላይ ሆኜ የታች ከንፈሬን በጣቴ ነካሁት። በጣም ይገርም ነበር። ጣቴ ከንፈሬን ይሰማዋል፣ ሙቀቱንም ልስላሴውንም። ከንፈሬ ግን ጣቴን አይሰማውም። የሌላ ሰው ከንፈር የነካሁ መሰለኝ። ከንፈሬ አልተጎዳም። ነርቩም አልሞተም። ገለባው እርጥብ ሆኖ ነው፣ እሳቱ አያልፍበትም። ከሁለት ሰዓት በኋላ መድኃኒቱ ሲለቅ በሮቹ ተከፈቱ፣ ከንፈሬም ተመለሰልኝ።

አሁን የእግር ጣታችን እንቆቅልሽ ሊፈታ ነው።

ወሬው በየቦታው እንደ አዲስ መወለዱ ጥሩ ነው፣ ግን ጊዜ ይፈጃል። ማፍጠኛው ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ክሩን ማወፈር ነው፣ ስኩዊድ የመረጠው ይህን ነው። እኛ ግን አንችልም። ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘው ነርቭ ብቻ አንድ ሚሊዮን ገደማ አክሰኖች አሉት። እያንዳንዱ ግማሽ ሚሊሜትር ቢወፍር ኖሮ የነርቩ ጥቅል ግማሽ ሜትር ይሞላ ነበር። ጭንቅላታችን ራሱ ያን አያህልም።

ሁለተኛው መንገድ መጠቅለል ነው። ማይሊን የሚባል የስብ ሽፋን አክሰኑን ደጋግሞ ይጠቀልለዋል። በየመሃሉ ጥቅሉ የተቋረጠባቸው ጠባብ ቦታዎች አሉ፣ የራንቪዬ አንጓዎች ይባላሉ። የሶዲየም በሮች የታጨቁት እዚያ ነው። ወሬው ከአንጓ ወደ አንጓ ይዘላል፣ መሃሉን በእግሩ አይሄድም። በደንብ የተጠቀለሉት አክሰኖች በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ይደርሳሉ። ማይሊን ሲፈርስ ምን እንደሚሆን መልቲፕል ስክለሮሲስ ያለባቸው ሰዎች ያውቁታል። የዓይን መደብዘዝ፣ የእግር መክበድ፣ መደንዘዝ ያመጣባቸዋል።

ጣታችሁ ላይ ሁለት ዓይነት የሕመም ነርቮች አሉ። አንዱ ስስ ማይሊን አለው፣ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሄዳል። ሌላው ራቁቱን ነው። በሰከንድ አንድ ሜትር ቢሄድ ነው፣ ሰው በቀስታ ሲራመድ ያህል። ጣታችሁ ስትላተም ሁለቱም እኩል ተነሱ። ፈጣኑ ወዲያው ደረሰ። ዘገምተኛው እግራችሁን ሽቅብ ሲወጣ አንድ ሰከንድ ፈጀበት። ያቺ "ወይኔ፣ ሊመጣ ነው" ያላችሁባት ፋታ የርቀትና የፍጥነት ሒሳብ ነበረች።

እስከዚህ ድረስ አንድ ሴል ነው። ሴሉ ግን ያልቃል። ጫፉ ላይ ሌላ ሴል አለ። እዚያ ምን ይሆናል?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህ ትልቅ ጠብ ነበር። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ነርቮች ሁሉ ተያይዘው አንድ ትልቅ መረብ ናቸው ይል ነበር። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል የለም፣ እያንዳንዱ ሴል ለብቻው ነው፣ ይነካካሉ እንጂ አይቀላቀሉም አለ። ካሃል ያየው ጎልጂ ራሱ በፈለሰፈው ማቅለሚያ ነበር። በ1906 የኖቤል ሽልማት ለሁለቱም በአንድ ላይ ተሰጠ። ጎልጂ በሽልማቱ ንግግር ላይ የካሃልን ሐሳብ ሲቃወም ዋለ። ትክክለኛው ካሃል ነበር። በ1950ዎቹ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ክፍተቱ ታየ፣ ስፋቱ 20 ናኖሜትር ገደማ። መገናኛው ሲናፕስ የሚለውን ስም ያገኘው ግን ቀደም ብሎ ነው፣ በ1897 ከቻርልስ ሸሪንግተን።

20 ናኖሜትር ምንም አይደለችም ትሉ ይሆናል። ለገለባው እሳት ግን ገደል ናት። ኤሌክትሪኩ እዚያ ይደርስና ያልቃል። ክፍተቱ የጨው ውኃ ስለሆነ ጅረቱ ወደ ጎን ይፈስሳል፣ ማዶ የሚሻገረው ኢምንት ነው።

ታዲያ ወሬው እንዴት ይሻገራል? መልሱን ያገኘው ተመራማሪ ኦቶ ሎዊ ኦስትሪያ ውስጥ ግራትስ በምትባል ከተማ ይሠራ ነበር። እሱ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ አንድ ሌሊት አንድ ሙከራ በሕልሙ አየ። ነቅቶ ወረቀት ላይ ሞነጫጨረና ተመልሶ ተኛ። ጠዋት ሲነሳ የጻፈውን ማንበብ አቃተው። ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ዋለ። በሚቀጥለው ሌሊት ሕልሙ ተመለሰ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በዚህ ጊዜ አልጻፈም። ተነስቶ ቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ።

ሁለት የእንቁራሪት ልብ አወጣ፣ ሁለቱም በጨው ውኃ ውስጥ ይመታሉ። አንዱ ከነነርቩ ነው፣ ልብን የሚያዘገየው ቬገስ የሚባለው ነርቭ። ሌላው ነርቭ የለውም። የመጀመሪያውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ነካው። ልቡ ዘገየ። ይህ የታወቀ ነው። ቀጥሎ ያንን ልብ ያጠበውን ውኃ ቀድቶ ሁለተኛው ልብ ላይ ጨመረው። ሁለተኛው ልብም ዘገየ። ማንም አልነካውም። ነርቭም የለውም። ትዕዛዙ የመጣለት በውኃው ውስጥ ነው።

ውጤቱ በ1921 ታተመ። በውኃው ውስጥ የነበረው አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ነው። ሎዊ በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመ። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ አይሁዳዊ በመሆኑ አሰሩት፣ አገር ጥሎ እንዲወጣ የፈቀዱለት የሽልማቱን ገንዘብ ካስረከበ በኋላ ነው። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

ሁሉም ሰው ግን ወዲያው አላመነም። አውስትራሊያዊው ጆን ኤክልስ በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ያለው መገናኛ ኤሌክትሪክ ነው ብሎ ለዓመታት ተከራከረ። በ1951 በራሱ ኤሌክትሮድ በአከርካሪ ሴል ውስጥ ገብቶ ለካ። ሐሳቡ ትክክል ቢሆን ኖሮ ቮልቴጁ ወደ ላይ መሄድ ነበረበት። ወደ ታች ሄደ። ኤክልስ ተሸንፌያለሁ አለ፣ ከዚያም የኬሚካሉ ወገን ዋና ሰው ሆነ። በሳይንስ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ያሉ ሰዎችን አከብራለሁ።

እስቲ ክፍተቱን ቀረብ ብለን እንየው። በአክሰኑ ጫፍ ውስጥ ትናንሽ ከረጢቶች አሉ፣ የአንዷ ስፋት 40 ናኖሜትር ገደማ ነው። እያንዳንዷ በሺዎች የሚቆጠሩ የኬሚካል ሞለኪውሎች ይዛለች። ወሬው ጫፉ ሲደርስ ሌላ ዓይነት በር ይከፍታል፣ የካልሲየም በር። ካልሲየም ይገባል። ከረጢቷን ከሽፋኑ ጋር አስተሳስረው የያዙ ፕሮቲኖች አሉ፣ እንደ ክር የሚገመዱ። ካልሲየም ሲመጣ ከረጢቷን ጎትተው ከሽፋኑ ጋር ያዋህዷታል። ትከፈታለች። ይዘቷ ወደ ክፍተቱ ይፈስሳል፣ ማዶ ይሻገራል፣ ተቀባይ ፕሮቲኖች ላይ ያርፋል። እነሱም በር ይከፍታሉ፣ ማዶ ያለው ሴል ቮልቴጁ ይለወጣል። ከኤሌክትሪክ ወደ ኬሚካል፣ ከኬሚካል ወደ ኤሌክትሪክ። ሁሉም ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ብዙ አይርቅም። ቦቶክስ የሚባለው መርዝ የሚቆርጠው እነዚያን የሚገመዱ ፕሮቲኖች ነው። ነርቩ ይተኩሳል፣ ከረጢቷ ግን አትከፈትም፣ ጡንቻው ዝም ይላል።

ኬሚካሉ ሥራውን ከጨረሰ መጠረግ አለበት። ካልተጠረገ ያው አሮጌ ወሬ ሲደጋገም ይኖራል። አሴቲልኮሊንን የሚቆርጥ ኢንዛይም እዚያው ክፍተት ውስጥ አለ፣ አንዱ ብቻ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች ይቆርጣል። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት የተባይ ማጥፊያዎች ሰው የሚገድሉት ይህን ኢንዛይም በማሰር ነው። ጡንቻው እየተንቀጠቀጠ ይዝላል፣ የመተንፈሻውም ጭምር። እባካችሁ ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል አትንኳቸው። ሌሎቹ ኬሚካሎች፣ ለምሳሌ ሴሮቶኒን፣ የሚጠረጉት ተመልሰው ወደ ላኪው ሴል በመመጠጥ ነው። ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች ያንን መመጠጥ ያዘገያሉ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሻለሁ። አሴቲልኮሊን የሎዊን ልብ አዘገየ አልን። ያው አሴቲልኮሊን ክንዳችሁ ላይ ያለውን ጡንቻ ያኮማትራል። ቃሉ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ተቃራኒ። ለምን? ትርጉሙን የሚሰጠው ሰሚው ስለሆነ ነው። የክንዱ ተቀባይ ፖዘቲቭ አዮን የሚያስገባ በር ነው። የልቡ ተቀባይ ሌላ ዓይነት ነው፣ ፖታሲየም እንዲወጣ ያደርጋል። ስለዚህ አንዱ ይነሳሳል፣ ሌላው ይረጋጋል።

አንጎል ውስጥ ዋናው አነሳሽ ግሉታሜት ነው፣ ዋናው ገቺ ጋባ። አንድ ሴል ከሺዎች ሴሎች ወሬ ይቀበላል። አንዱ ተነሳ ይለዋል፣ ሌላው ተው ይለዋል። እያንዳንዱ ድምፅ የሚያመጣው ለውጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊቮልት በታች ነው። ሴሉ ሁሉንም ይደምራል፣ ይቀንሳል። −55 ከደረሰ ይተኩሳል። ይህ ማመዛዘን ያለው አክሰኑ ላይ አይደለም፣ እሱ የተሰጠውን ያደርሳል እንጂ አይመርጥም። መመዘኑ ያለው በሲናፕሶቹ ላይ ነው። ገቺዎቹን ቀላል አታድርጓቸው። ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ የሚያደርገው በአከርካሪ ውስጥ ያሉትን የገቺዎች ተቀባይ መዝጋት ብቻ ነው። ውጤቱ ሰውነትን እንደ ቀስት የሚያጎብጥ የጡንቻ ግትርነትና ሞት ነው።

መማርም የሚከናወነው በአብዛኛው እዚሁ ነው። በ1973 ቲም ብሊስና ቴርየ ለሞ የጥንቸል አንጎል ውስጥ አንድን መንገድ ለአጭር ጊዜ በተደጋጋሚ ነኩት። ከዚያ በኋላ ያው መንገድ ለያው ንክኪ የሚሰጠው ምላሽ ለሰዓታት ጎልቶ ቆየ። መገናኛው ራሱ በአጠቃቀሙ ተለውጦ ነበር።

ንግግሬን ጨርሼ ጥያቄ ስንቀበል አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ተነሱ። "የልጅ ልጄ ሲላተም ቦታውን አሽለታለሁ፤ ይተወዋል። ይህ ማባበል ብቻ ነው ወይስ ነገር አለው?" አሉኝ።

ነገር አለው፣ እናቴ። በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ያቀረቡት ሐሳብ ይህንኑ ያብራራል። ዝርዝሩ በኋላ ቢሻሻልም ፍሬ ሐሳቡ ጸንቷል። መዳሰስን የሚያደርሱት ነርቮች በደንብ የተጠቀለሉ፣ ፈጣኖች ናቸው። የሕመሙ ነርቮችና እነሱ አከርካሪ ውስጥ ይገናኛሉ። እዚያ ትናንሽ ገቺ ሴሎች አሉ። ሲያሹት የመዳሰሱ ወሬ በፈጣኑ መንገድ ሮጦ እነዚያን ገቺዎች ይቀሰቅሳል። ዘገምተኛው ሕመም አዝግሞ ሲደርስ ከክፍተቱ ማዶ ያለው ሴል ቀድሞ ተው ተብሏል። በእጅዎ ያሹለት ጣቱን ነው፣ ሕመሙ የቀነሰው ግን ወገቡ ላይ ነው።